ያለ ሞገድ «ሬዲዮ»፦ የኢንተርኔት ድምፅ ጅማ ላይ አማተር ሬዲዮን የት ድረስ ይተካል?

ጅማ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲባል በራስ መሣሪያ በሞገድ የመነጋገር) ፍቅር ያደረበት ሰው ሁለት የተዘጉ በሮች ይጠብቁታል። ፈቃዱ በቀላሉ አይገኝም፤ መሣሪያውም ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ስልክ ግን በእጁ አለ። በኢንተርኔት ቁልፍ ተጭኖ የሚናገርባቸው፣ ቁልፉን ለቆ የሚሰማባቸው ሶፍትዌሮችም ሞልተዋል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፦ ይኼኛው ያንን ይተካል ወይ? የእኛ መልስ ንግግሩን ይተካል፣ ሞገዱን አይተካም የሚል ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ብዙ ይጠቀምበታል። ያልለየ ደግሞ መብራትና ኔትወርክ አብረው በጠፉበት ቀን ብቻውን ይቀራል።

አማተር ሬዲዮ በሁለት ሰዎች መካከል ሌላ አገናኝ አያስፈልገውም። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት የ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ተስማሚ ነው። ለአንቴና የሚያስፈልገው 20 ሜትር ያህል ሽቦ ነው (የአንቴና ርዝመት ማስያ የሆነውን ቁጥር 142.5ን ለድግግሞሹ፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ፣ ሲያካፍሉ 20.07 ይመጣል)፤ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ግራና ቀኙ አሥር አሥር ሜትር ይሆናል። ከ4 እስከ 8 ሜትር ከፍታ ላይ ከተሰቀለ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከአየኖስፌር (ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው የአየር ንብርብር) ነጥሮ፣ ተራራ ሳያግደው አዲስ አበባ ላይ ያርፋል። ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ሲያስተላልፍ በ13.8 ቮልት 20 አምፔር ገደማ ስለሚስብ አንድ ጥሩ የመኪና ባትሪ ያንቀሳቅሰዋል። ማማ የለም፣ ፋይበር የለም፣ የወር ጥቅል የለም። የኢንተርኔት ድምፅ ከዚህ ከፍ ሊል ቀርቶ አጠገቡ ሊቆም የማይችለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

አማተር ሬዲዮ ሌላም ትምህርት ቤት አለው፤ እሱም ሰማዩ ነው። ጅማ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ስትጠልቅ አየኖስፌሩ ይናወጣል፤ ከሩቅ የሚመጣ የአጭር ሞገድ ድምፅም በዚያ ሰዓት ይርገበገባል። ይህን በጆሮው ሰምቶ «አሁን ባንዱ (የምንነጋገርበት የድግግሞሽ ክልል) ሊዘጋ ነው» ማለት የሚችል ሰው የሚያፈራው ሬዲዮ ብቻ ነው። አየኖስፌሩን በሶፍትዌር የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሃም ስፌር የሚባለው ከእነሱ አንዱ ነው። ጫጫታውንና የድምፁን መድከም በስሌት ይፈጥራል። ለመለማመጃ አይከፋም። ከስሌት የመጣ ሰማይ ግን ከጅማዋ ጅሬን በላይ ያለው ሰማይ አይደለም።

ሕጉን በአጭሩ እንየው። የሞገድ ክፍፍልና ፈቃድ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነው። አስተላላፊ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ማስገባትም በእሱ መናገርም አይቻልም፤ ትንሿ የእጅ ሬዲዮም ብትሆን ከዚህ አትወጣም። የአገራችን የጥሪ ምልክት «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። በስልክና በኮምፒውተር ብቻ፣ በኢንተርኔት ላይ ለሚደረግ ንግግር ግን የአማተር ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሞገዱን የሚያስተላልፈው ፈቃድ ያለው የቴሌኮም ድርጅት ነውና። መራቅ ያለብዎት ሰርቨሩን (ድምፁን ተቀብሎ ለሌሎች የሚያከፋፍለውን ኮምፒውተር) ከመደበኛው የስልክ መስመር ጋር ማገናኘትንና የሰው ጥሪ በገንዘብ ማሳለፍን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያነጣጠረው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ነው።

የትኛው ሶፍትዌር?

ኤኮሊንክን በስሙ ሰምተው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በመላው ዓለም የሬዲዮ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። በኮምፒውተር ብቻ ቢገቡም የአማተር ፈቃድዎን ቅጂ ልከው ካላረጋገጡ አያስገባዎትም፤ በሌላኛው ጫፍ እውነተኛ አስተላላፊ ስላለ ልክ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ጅማ ሆኖ ሊጠቀምበት ይችላል። በሞባይል ዳታ ሲሞክር ግን 5198 እና 5199 የተባሉት የዩዲፒ (የጠፋውን ሳይጠብቅ የሚልክ የኢንተርኔት መላኪያ ሥርዓት) በሮች ወይም ፖርቶች ከውጭ ስለማይከፈቱለት ጥሪ አይደርሰውም። መፍትሔው በፕሮክሲ ወይም በሪሌይ፣ ማለትም በመካከል ሆኖ በሚያቀብል ሰርቨር፣ መግባት ነው፤ የስልኩ መተግበሪያ ምርጫውን በቅንብሩ ውስጥ ይዟል።

ፈቃድ ለሌለው ሰው ሦስት ምርጫ ይቀራል። ቴሌግራም ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፤ የቡድን ድምፅ ውይይቱም ይሠራል። ነገር ግን ሁሉም ማይኩን ከፍቶ ስለሚቀመጥ የሬዲዮ ሥርዓት አይለመድበትም። ዜሎ በተቃራኒው ተጭኖ መናገርን መሠረቱ ያደረገ ነው፤ ለጀማሪ በ5 ደቂቃ ይገባዋል፣ ያመለጠውን ንግግርም መልሶ ያሰማል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሂዩስተንን ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት በጎ ፈቃደኛ ጀልበኞች ሰው ሲያወጡ የተጠራሩት በእሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኢርማ የተባለው ማዕበል ወደ ፍሎሪዳ ሲቃረብ ደግሞ «ዜሎ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የሚል ወሬ ተሰራጨ፤ ድርጅቱ ራሱ ወጥቶ ስሕተት መሆኑን መናገር ነበረበት። ወሬው አገራችን ቢደርስ የሚያምነው አይጠፋም፤ ስለዚህ እኛም እንድገመው፦ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም።

ቋሚ የንግግር መረብ ለመመሥረት የምንመርጠው ግን ሙምብልን ነው። ነፃ ነው፤ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው። ስልክ ቁጥርም ኢሜይልም አይጠይቅም፣ ድምፁ ተመስጥሮ ይሄዳል፣ መዘግየቱ ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ ሰርቨሩ የራስዎ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጅማ ላይ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚገባው መተግበሪያ ሙምላ ይባላል።

ሰርቨሩን ማቆም

አንድ ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ኮምፒውተር ለሃምሳ ሰው ይበቃል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ሆነ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይሠራል። የሊኑክስ ዓይነቶች በሆኑት በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ላይ የሙምብል ሰርቨርን ጥቅል መጫን፣ ከዚያ የዋናውን አስተዳዳሪ፣ የሱፐር ዩዘርን፣ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ቀጥሎም የቅንብር ፋይሉን መክፈት ነው። እዚያ ውስጥ የሚነኩት ጥቂት መስመር ነው። የመግቢያ የይለፍ ቃል ያድርጉበት። የተጠቃሚ ጣሪያውን በልክዎ ያስቀምጡ፤ ሲጫን 100 ሆኖ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚፈቀደውን ባንድዊድዝ (የመላኪያ ፍጥነት) ወደ 32000 ቢት በሰከንድ ዝቅ ያድርጉት። ይህ ቁጥር የፓኬቱን (ድምፁ ተቆራርጦ የሚላክበትን ቁራጭ) ትርፍ ክብደትም ያካትታል። ካልነኩት አንድ ጥሩ መስመር ያለው ሰው ድምፁን በከፍተኛ ጥራት ይልካል፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያሉት አድማጮች ደግሞ ይቆራረጥባቸዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሰው ይሰለቻል።

ሙምብል የሚጠቀመው በር 64738 ነው፤ በዩዲፒም፣ የጠፋውን ጠብቆ በሚልከው በቲሲፒም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል፤ በፋየርዎሉ (በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዘበኛ) ላይ ቲሲፒውን ብቻ ይከፍታል። ሰርቨሩ ያስገባል፣ ስም ይታያል፣ ድምፅም ይሰማል፤ ስለዚህ የተሳካ ይመስላል። በእርግጥ ግን ድምፁ ዩዲፒ ሲዘጋበት በቲሲፒ መንገድ ገብቶ ነው የሚጓዘው። በቲሲፒ አንድ ፓኬት ከጠፋ የኋለኞቹ ቆመው ይጠብቁታል። ውጤቱ ድምፁ ለ2 ሰከንድ ይሞታል፣ ከዚያ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር ከሰሙ ኔትወርኩን ከመውቀስዎ በፊት የዩዲፒውን በር ይመልከቱ።

ሰርቨሩን ቤት ውስጥ አስቀምጦ ለውጭ ሰው መክፈት የሚፈልግ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ አንድን ከውጭ የሚታይ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። ለማረጋገጥ የራውተሩን ገጽ ከፍተው ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ ያንብቡ፤ በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ከወደቀ፣ አድራሻው የጋራ ነው። ራውተሩ ላይ የቱንም ያህል በር ቢከፍቱ ከውጭ የሚመጣ ሰው አይደርስዎትም። መንገዱ ወይ ቋሚ አድራሻ ያለው የመሥመር ኢንተርኔት ካለበት መሥሪያ ቤት ወይም ግቢ ጋር መስማማት፣ ወይ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር መከራየት ነው። ለኪራዩ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ስለሚያስፈልግ አብዛኛው ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል። ያ ዘመድ አንድ ወር ሲረሳ መረቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ጥቅሉን የሚበላው ምን ያህል ነው?

ሙምብል የሚጠቀምበት የድምፅ ኮዴክ (ድምፁን አምቆ የሚያሳንሰው ዘዴ) ኦፐስ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት፣ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት በሰከንድ የሚሠራ። ለንግግር 16 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል፤ ከስልክ ድምፅ የጠራ ነው። ሰው የሚዘነጋው የእያንዳንዱን ፓኬት መጠቅለያ ነው። መጠቅለያው 38 ባይት ገደማ ይመዝናል። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፓኬት ከተላከ በሰከንድ 50 ፓኬት ይሆናል፤ መጠቅለያው ብቻ 15 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፣ ከድምፁ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ፓኬቱ በየ60 ሚሊ ሰከንድ እንዲሄድ ከተደረገ ግን መጠቅለያው ወደ 5 ኪሎቢት ይወርዳል። ስለዚህ በቅንብሩ ውስጥ 16 ኪሎቢትና 60 ሚሊ ሰከንድ ይምረጡ፤ ድምሩ 21 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ያለማቋረጥ አንድ ሰዓት ቢሰማ 9.5 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በ40 ኪሎቢትና በ20 ሚሊ ሰከንድ የተወው ጎረቤቱ ለዚያው አንድ ሰዓት 25 ሜጋባይት ያወጣል።

ሰርቨሩ ግን የሚላከውን ለእያንዳንዱ አድማጭ ያባዛል። 20 ሰው ገብቶ አንዱ ሲናገር ለ19 ሰው ይልካል፤ 400 ኪሎቢት በሰከንድ፣ በሰዓት 180 ሜጋባይት ነው። ሰርቨሩን በሞባይል ጥቅል ላይ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

መዘግየትን በተመለከተ፣ ለስልክ ንግግር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ፣ ከ400 በላይ የማይመች ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። ተጭኖ መናገር እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ያሳያል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ስለማይናገር የግማሽ ሰከንድ መዘግየት እንኳ ንግግሩን አያበላሸውም። ደካማ ኔትወርክ ላይ ከስልክ ጥሪ ይልቅ የሬዲዮ ዓይነት ንግግር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ስለዚህም ጂተር በፈር የሚባለውን፣ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ፓኬቶች የሚጠራቀሙበትን ጊዜ፣ ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ከፍ ለማድረግ አይሳሱ፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን አይቆራረጥም።

ዝናብ፣ ቆርቆሮ፣ መብራት

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ቤቱም ቆርቆሮ ነው። ሙምብልን «ድምፅ ሲሰማ ራሱ ይክፈት» በሚለው ቅንብር ላይ የተወ ሰው ዝናብ በጀመረ ቁጥር ማይኩ ተከፍቶ ይቀራል፤ ሃያ ሰው የእሱን ጣራ ያዳምጣል። ተጭኖ መናገርን ብቻ ይጠቀሙ። በኮምፒውተር ላይ ያለው ሙምብል አርኤንኖይዝ የሚባል የጫጫታ ማጥፊያ አለው፤ የዝናብን ወጥ ድምፅ በደንብ ይቀንሳል። ማይኩን ግን ከአፍዎ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከአፍ ወደ ጎን አድርገው መያዝ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይሻላል።

ገመድ ያለው ኢርፎን ይጠቀሙ። የስልኩን ስፒከር ከፍተው የሚናገሩ ከሆነ የሌላው ድምፅ ማይክዎ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። የብሉቱዝ ኢርፎን ደግሞ ማይኩ ሲከፈት ጥራቱ ይወርዳል፣ መዘግየትም ይጨምራል። ሌላው ተደጋጋሚ ብልሽት «ስክሪኑ ሲጠፋ ከመረቡ ወጣሁ» የሚለው ነው። ይህ የኔትወርክ ችግር አይደለም፤ የስልኩ የባትሪ ቁጠባ መተግበሪያውን ገድሎታል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ሙምላን ከባትሪ ቁጠባ ነፃ ያድርጉት። መደበኛ ጥሪ ሲገባም ብዙ ስልክ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ስለሚወርድ ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ይሞታል። መረቡን የሚመራው ሰው በሌላ ስልክ ወይም በራውተር መግባት አለበት።

መብራት ሲሄድ የቤቱ ራውተር ይጠፋል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ተራ ራውተር ከ6 እስከ 12 ዋት ይበላል። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ቶሎ ቶሎ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 42ቱን ብቻ ይቁጠሩ፤ 8 ዋት ለሚበላ ራውተር 5 ሰዓት ነው። ራስበሪ ፓይ 4 ዋት ሲጨምሩበት 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባትሪውን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አያገናኙ። ቻርጅ ሲደረግ ቮልቴጁ እስከ 14.4 ይደርሳል፣ ለ12 ቮልት የተሠራ ራውተር ሊቃጠል ይችላል። በመካከል 12 ቮልት የሚያወጣ የቮልቴጅ ማስተካከያ ይግባ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም ባለ 3 አምፔር ፊውዝ። ከራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ሳያነቡ አይጀምሩ፤ 9 ቮልት ወይም 5 ቮልት የሆኑም አሉ። የሶኬቱን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም በሜትር ይለኩ። መብረቅ ሲቃረብ የራውተሩን የመብራት ገመድም የስልክ መስመሩንም ይንቀሉ፤ በባትሪ ብቻ ይቀጥሉ።

ንግግሩን ሬዲዮ የሚያደርገው

ሶፍትዌር ጭኖ አሥር ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት መረብ አይባልም። ከአማተር ሬዲዮ የሚወሰደው ዋናው ነገር ሥርዓቱ ነው፤ ይህ ሥርዓት በኢንተርኔትም ሙሉ በሙሉ ይለመዳል። አንድ መሪ ይኑር። ስም እየጠራ ያስገባል፣ ተራ ይሰጣል፣ አስቸኳይ ነገር ያለው ካለ አስቀድሞ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰው ሲጨርስ «ተቀበል» ወይም «ኦቨር» ይላል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ አንድ ሰከንድ ቆይተው ይናገሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጠራው ሰው ስም ነው። ሌላው ሲጨርስም 2 ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ አስቸኳይ ያለው ሰው የሚገባባት ቀዳዳ ያቺ ናት።

አንድ ነገር ግን ከሬዲዮው አይቅዱ። በኢንተርኔት ላይ «59 ነህ» (በሬዲዮ ሰዎች ቋንቋ ድምፅህ ጥርትና ጉልህ ነው) መባባል ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ሰው 59 ነው። የሚጠቅመው ሙምብል የሚያሳየውን የፒንግ ጊዜ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበትን በሚሊ ሰከንድ) እና የጠፋ ፓኬት በመቶኛ ማሳወቅ ነው። «ፒንግ 180፣ የጠፋ 4 በመቶ፣ በ3ጂ ነኝ» የሚል ሪፖርት ለመሪው እውነተኛ መረጃ ይሰጠዋል። ጥቂት ሳምንት ከተመዘገበ በጅማዎቹ ሰፈሮች በቂጦ ፉርዲሳ፣ በሂርማታና በቆጪ ውስጥ በስንት ሰዓት ኔትወርኩ እንደሚጨናነቅ በግልጽ ይታያል።

ሰዓት ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። ማታ 2 ሰዓት ብለው ያስተዋወቁትን መረብ ውጭ ያለ ሰው በራሱ ሰዓት ያነበዋል። የሬዲዮ ሰዎች መዝገባቸውን በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ይይዛሉ፤ አሁን መልመድ ኋላ ከመቸገር ያድናል። የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ይደምሩ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት 07:00 ነው። የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ይደምሩ፣ ከ24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ፦ ማታ 2 ሰዓት 17:00 ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት 01:00 ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ በውጭው አቆጣጠር እኛ ቀን ቀይረናል፣ የዓለም አቀፉ ሰዓት ግን ገና በትናንትናው ቀን ላይ ነው።

ሲቋረጥ ምን ይተርፋል?

አንድ ነገር በካርታ ላይ ይሳሉት። ሂርማታ ያለ ሰው ጅሬን ላለ ጓደኛው ይናገራል፤ ሰርቨሩ ጀርመን ነው። ድምፁ ከጅማ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያ በጎረቤት አገር አድርጎ ከባሕር ኬብል ይደርሳል፣ አውሮፓ ገብቶ በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ሁሉ ነገር በጎረቤታሞች መካከል ላለች አንዲት «እንዴት አመሸህ» ነው። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ሁለቱ ሰዎች አይገናኙም።

የቤት መብራት ብቻ ከሄደ ባትሪው ያድናል። የአካባቢው ማማ ከጠፋ ስልክዎ ሙሉ ቻርጅ ቢኖረውም አይረዳም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ፋይበር ከተቆረጠ የውጭው ሰርቨር ይሞታል። መንግሥት ኢንተርኔት ሲያቋርጥም እንዲሁ ነው፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በእነዚህ ሁሉ ፊት አማተር ሬዲዮ ጸንቶ ይሠራል፤ የኢንተርኔት ድምፅ ግን አይጸናም። ይህን አለባብሶ ማለፍ ሰውን መበደል ነው።

ነገር ግን የራስዎ ሰርቨር ካለ አንድ ነገር ይተርፋል፤ የግቢው መረብ። ሙምብል ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ስልኩና ሰርቨሩ በአንድ ራውተር ላይ መሆናቸው ነው። የተማሪዎች ማደሪያ፣ ጤና ጣቢያ፣ የቡና ማጠቢያ ግቢ፣ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሕንፃ፦ ራውተርና ላፕቶፕ በባትሪ እስከ ሠሩ ድረስ እርስ በርስ መነጋገር ይቀጥላል። አንድ ራውተር በግልጽ ቦታ ከ30 እስከ 50 ሜትር ያደርሳል፤ ግድግዳ ሲበዛ ያንሳል። ግቢው ሰፊ ከሆነ ሁለተኛ ራውተር በገመድ ይቀጠላል፤ አንዱ የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሰውን ያስቸግራል። የመጀመሪያው የሰርቨሩ አድራሻ መለዋወጥ ነው፤ ራውተሩ ላይ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ይያዝለት፣ አድራሻውም በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ራውተር መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርግ ቅንብር በርቶበት ይመጣል፤ ኢንተርኔት ይሠራል ግን ስልኩ ላፕቶፑን አያገኘውም። ያንን ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ተንኮለኛው ነው። አንድሮይድ ስልክ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ሳይናገር ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል፤ ሰርቨሩም ይጠፋበታል። የሞባይል ዳታውን ማጥፋት፣ ወይም ስልኩ «ኢንተርኔት የለም፣ ልቆይ?» ብሎ ሲጠይቅ እንዲቆይ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምንመክረው ሁለት ሰርቨር ነው። አንዱ ውጭ ወይም አዲስ አበባ፣ ከሩቅ ሰው ጋር ለመገናኘት። ሌላው ግቢው ውስጥ፣ ላፕቶፕ ላይ። ሁለቱም በስልኩ ላይ ተመዝግበው ይቀመጡ። በወር አንድ ማታ ደግሞ የራውተሩን የውጭ መስመር ነቅሎ፣ የሁሉንም ሞባይል ዳታ አጥፍቶ መረቡን ማካሄድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሙከራ ግማሹ ሰው አድራሻውን እንደማያውቅ፣ ባትሪው እንዳልተሞላ፣ ማስተካከያው የት እንደተቀመጠ ያልታወቀ መሆኑ ይገለጣል። በሦስተኛው ወር ይስተካከላል።

ለእውነተኛው ፈቃድ የሚዘጋጅ ሰው ጎን ለጎን ማድመጥ አለበት። የቤት አጭር ሞገድ ሬዲዮ 7 ሜጋኸርዝን ቢይዝም የአማተሮቹን ንግግር እንደ ዳክዬ ጩኸት አድርጎ ያሰማል፤ አማተሮቹ የሚጠቀሙበትን ነጠላ ጎን ሞገድ የተባለ የድምፅ አላላክ የሚፈታ ክፍል ስለሌለው ነው። በኢንተርኔት ግን የሌላ ሰው መቀበያን ከፍቶ መስማት ይቻላል። ኔዘርላንድስ፣ ኤንስሄዴ በሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብ ኤስዲአር የተባለ መቀበያ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፣ ከ0 እስከ 29 ሜጋኸርዝ ያሰማል። ኪዊ ኤስዲአር የሚባሉት መቀበያዎች ደግሞ በብዙ አገሮች ተበትነዋል። ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ይዙሩ፣ ዝቅተኛውን ጎን የሚፈታውን ምርጫ (ኤልኤስቢ) ይጫኑ፣ ከዚያ የጥሪ ምልክት፣ ሰዓትና ድግግሞሽ በደብተር ይጻፉ። ኢቲ3ኤኤ በሬዲዮ ሲጠራ «ኤኮ ታንጎ 3 አልፋ አልፋ» ይባላል። የሚሰሙት መቀበያው ያለበትን አገር ሰማይ መሆኑን አይርሱ፤ በዚያው ሰዓት ጅማ ላይ ሽቦ ቢሰቀል የሚሰማው ሌላ ነው፣ እሱን ለማወቅ ሽቦውን መስቀል ይጠይቃል።